ያላስመሰከረች ሐኪም

የማህፀንና ጽንስ ሕክምና አራት ዓመት ተምሬ የመጨረሻውን ፈተና ወደቅሁ። እኛ ሐኪሞች ይህን ፈተና በአጭሩ «ቦርድ» እንለዋለን። የቃሉንና የተግባሩን ክፍል አልፌ በጽሑፉ ነው የቀረሁት። ውጤቱ የተነገረ ዕለት አብረውኝ የተማሩት ተሰብስበው ፎቶ ሲነሡ፣ እኔ ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ጀርባ ቆሜ ለአባቴ ደወልኩ። ከእሳቸው ሌላ ለማንም አልነገርኩም።

አባቴ መርሐቤቴ ውስጥ የድጓ መምህር ናቸው። በወጣትነታቸው ድጓ ወደሚመሰከርባት ቤተልሔም ድረስ በእግራቸው ሄደው፣ ከሊቃውንት ፊት ቆመው ያስመሰከሩ ሰው ናቸው። በእሳቸው ዓለም ያላስመሰከረ ሰው ድምፁ ቢያምር፣ ትምህርቱን በቃሉ ቢያንበለብለው፣ ወንበር ዘርግቶ አያስተምርም። ስለዚህ የደረሰብኝን ለማስረዳት ብዙ ቃል አላስፈለገኝም። «መቼ ትመለሻለሽ?» አሉኝ። ወደ ቤት መመለሴን የጠየቁኝ መስሎኝ ነበር። ስለ ፈተናው እንደሆነ ሲገባኝ ዓመት መጠበቅ እንዳለብኝ ነገርኳቸው። «እሺ» ብለው ስልኩን ዘጉ። ያ «እሺ» ለወራት ሲያቃጥለኝ ኖረ።

ብዙም ሳይቆይ መንዝ ውስጥ ባለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ተመደብኩ። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ ሰዎቹ አሁንም እዚያው ናቸው። የምደባ ደብዳቤዬ «ሥልጠናዋን ያጠናቀቀች» ይላል እንጂ «ስፔሻሊስት» አይልም። በተራ ሰው ጆሮ ሁለቱ አንድ ናቸው። እኔ ግን ደብዳቤውን አውቶብስ ውስጥ እያጠፍኩ እየዘረጋሁ ደጋግሜ ሳነበው፣ የቀረችው አንዲት ቃል ብቻ ነበረች የምትታየኝ።

ሆስፒታሉ አዲስ ሐኪም ሲመጣ ማስረጃውን መርምሮ ምን እንዲሠራ እንደሚፈቀድለት የሚወስን የሦስት ሰው ኮሚቴ ነበረው፤ ዳይሬክተሩ፣ የማዋለጃ ክፍል ኃላፊዋ ሲስተርና የሰው ሀብት ኃላፊው። ዳይሬክተሩን ሳየው ክው አልኩ። ጠቅላላ ሐኪም ነው፤ እኔ ስፔሻሊቲ እየተማርኩ ሬዚደንት ሳለሁ ተለማማጅ ሆኖ በሥሬ ያለፈ ልጅ ነው። የኦፕራሲዮን መርፌ እንዴት እንደሚያዝ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ብድግ ብሎ ወንበር ሰጠኝ፣ ሻይ አስመጣልኝ፣ ከዚያም ወረቀቶቼን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። ዲግሪዬ አለ። የጠቅላላ ሐኪምነት የሙያ ፈቃዴ አለ። የስፔሻሊቲው ማስረጃ ሲፈለግ ግን የሰው ሀብት ኃላፊው ፖስታዬን ገልብጠው አራገፉት፤ ከውስጡ ምንም አልወደቀም።

ውሳኔው ያኔውኑ ተነገረኝ። በጠቅላላ ሐኪምነት እሠራለሁ። ኦፕራሲዮን ክፍል ብገባም ረዳት ሆኜ እንጂ መሪ ሆኜ አልቆምም። ተናደድኩ። በእነዚህ እጆች ስንት ሴት አዋልጄ፣ ስንቱን ሆድ ከፍቼ ዘግቼ፣ አንተ ራስህ አጠገቤ ቆመህ አይተህ የለም ወይ አልኩት፤ ድምፄ ከፍ ማለቱን ያወቅሁት ሲስተሯ ተነሥታ በሩን ስትዘጋ ነው።

«አይቻለሁ ዶክተር» አለ። «በዓይኔ ያየሁትን አውቃለሁ። ግን ማህደር ውስጥ የእኔን ዓይን ማስቀመጥ አልችልም።»

በኋላ ሲስተሯ ምክንያቱን ነገረችኝ። እኔ ከመምጣቴ ሁለት ዓመት በፊት የቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት ነኝ ያለ ሰው መጥቶ ነበር። የማስረጃውን ፎቶ ኮፒ ይዞ፣ ዋናው እየመጣ ነው ብሎ። ሐኪም የናፈቀው ሆስፒታል በደስታ ተቀበለው። ጥቂት ወራት ሠራ። ከዚያ እንቅርት ሊወጣለት የተኛ አንድ ገበሬ ደሙ አልቆም ብሎ ጠረጴዛው ላይ ሞተ። ሲጣራ ማስረጃው የሌላ ሰው ነበር፤ ስሙ ተፍቆ ነው የሌላ ስም የገባበት። ዳይሬክተሩ ሰውየውን ሲቀበለው በሹመቱ ላይ ገና ሦስት ወሩ ነበር። የሟቹ ሚስት እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ስታገኘው እጅ ትነሣዋለች፤ እሱ ቀና ብሎ አያያትም አለችኝ።

ይህን ሰምቼ ልራራለት ይገባኝ ነበር። አልራራሁም። ከአጭበርባሪ ጋር አንድ ማህደር ውስጥ የተከተትኩ መሰለኝ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ሆድ ከፍቶ እንዲሠራ የተፈቀደለት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የግሼ ተወላጅ የሆነ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ። ሐኪም አይደለም። ለዓመታት በጤና መኮንንነት ሠርቶ፣ ከዚያ ለዚሁ ሥራ ሁለተኛ ዲግሪ የተማረ ነው። ፈተናውን አልፏል፣ ወረቀቱ ሙሉ ነው። እሱ ቢላዋውን ይይዛል፣ እኔ ከፊት ለፊቱ ቆሜ ቁስሉን ከፍቼ እይዝለታለሁ። ደግ ሰው ነበር። ነገሩ ከእኔ ይልቅ እሱን ያሳፍረዋል። ሲከብደው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እዚህ ጋ ምን ትያለሽ ዶክተር?» ይለኛል። እኔም ዝቅ ባለ ድምፅ እመልስለታለሁ። ሥራው አልቆ በመዝገቡ ላይ ስንፈርም እሱ በመሪነት፣ እኔ በረዳትነት እንጽፋለን። አዲስ ያሠራሁት ቲተር «ጠቅላላ ሐኪም» ነበር የሚለው። እያንዳንዱ ወረቀት ላይ ስመታው የሚሰማኝን ለማንም አልተናገርኩም።

ክረምቱ ገባ። ጉሙ ከጠዋት እስከ ማታ ከግቢው አይነሣም። የበግ ጸጉር ባና ተከናንቤ መጽሐፌን እዘረጋለሁ፤ አንዱን ገጽ ሦስት ጊዜ አንብቤ ምን እንዳነበብኩ አላውቅም። ድሮ የማውቀው ነገር ሁሉ የጠፋኝ እየመሰለኝ መጣ። የወደቀ ሰው የሚያውቀውንም ይጠራጠራል። ሕልሜ ውስጥ እንኳን ሁልጊዜ የሰው ረዳት ነበርኩ። አንዳንድ ጊዜ የወለደች እናት እጄን ይዛ ስትስመኝ፣ እጄን ቶሎ ነጥቄ ሥራ እንዳለብኝ ሁሉ ወደ ሌላ ክፍል እሄዳለሁ።

ገብሱ በሚታጨድበት ሰሞን የቀዶ ሕክምና ባለሙያው የሙያ ፈቃድ ማደሻ ጊዜ ደረሰ። ካላደሰ እሱም መሥራት አይችልም። ሦስት ቀን ብሎ ወደ ደብረ ብርሃን ወረደ። በሄደ በማግስቱ መንገዱ ላይ ተኩስ ተከፈተ ተባለ፤ መኪና ቆመ፣ ስልክም ተቋረጠ። ሦስቱ ቀን አለፈ፣ አራተኛውም አለፈ፣ እሱ አልመጣም። አምቡላንሳችን ግቢ ውስጥ ቆሞ ዋለ። ሲስተሯ ጠዋት ጠዋት የማዋለጃ ክፍሉን በር ስትከፍት «እመብርሃን ቀጥ አድርገሽ አውጪልን» ትላለች። ሆዷ ሊከፈት የሚገባ ሴት እንዳትመጣ መለመኗ ነው።

በአምስተኛው ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ መጣች። ከጓሳ ወዲያ ማዶ ካለ ቀበሌ ስምንት ሰዎች እየተፈራረቁ በቃሬዛ ተሸክመው አመጧት። ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነበር። የፊተኛዋን ሴት ልጇን የወለደችው በኦፕራሲዮን ነው፤ ጠባሳው አለ። ባሏ ከቃሬዛው ጎን፣ አባቱ ቄሱ መስቀላቸውን እንደያዙ ከኋላ ይከተሉ ነበር። ልብሳቸው ሁሉ በጤዛ ርሷል።

ሆዷ ላይ እጄን ሳሳርፍ ነገሩ ገባኝ። የሕፃኑ እግር ከቆዳዋ ሥር ብቻውን ይዳሰሳል። የሕፃኑ ልብ አይሰማም። የእሷ ደግሞ አይቆጠርም፣ ይሮጣል። ማህፀኗ በፊተኛው ጠባሳ ላይ ተተርትሯል፤ ሆዷ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነው። አሁኑኑ ካልተከፈተች ትሞታለች። በላብ እንደተጠመቀች አየችኝና «ምጡ እኮ ተወኝ» አለችኝ፤ የተሻላት መስሏት።

ዳይሬክተሩን አስጠራሁት። ራሱ ዳሰሳት፤ እሱም ገባው። ኮሪደር ላይ ወጥተን ቆምን። ልክፈታት አልኩት። ከበላይ ጠይቄ ልምጣ አለኝ። በምን ትጠይቃለህ ስልክ የለ ስለው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ካለው ኮረብታ ላይ አንዳንዴ ኔትወርክ ይገኛል ብሎ ጋውኑን ሳያወልቅ ሮጠ።

አሁን የምጽፈውን በኋላ ለመጡት አጣሪዎች አልነገርኳቸውም። ለማንም አልነገርኩም። እሱ ሮጦ ሲሄድ ሳየው ቀለል አለኝ። ትቼው መግባት እችል ነበር፤ ቁልፉ ሲስተሯ ጋ ነው፣ ማደንዘዣ ባለሙያው በር ላይ ቆሞ እያየኝ ነው። አልገባሁም። ወራት ሙሉ የተዋረድኩበት ክልከላ ያን ሰዓት መጠጊያ ሆነኝ። ብትሞት «አልተፈቀደልኝም» ማለት እችላለሁ። ግሉኮስ ሰቀልኩላት፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ የቀሩትን ሁለት ከረጢት ደም አስመጣሁ፣ የሽንት ቱቦ አስገባሁላት፤ ቱቦው ውስጥ የወረደው ጥቂት ሽንት ደም የቀላቀለ ነበር። እነዚህን ሁሉ ቀስ እያልኩ ሠራሁ። አንድ ሰዓት እንዲሁ ሄደ።

ሲስተሯ የደም ግፊቷን ለካችና መሣሪያውን አስቀምጣ ወደ እኔ ዞረች። «ዶክተር» አለች፣ «ወረቀቱማ ይመጣል። ለተዝካሯ ይደርሳል።»

ዳይሬክተሩ ተመለሰ። ከግንባሩ ላብ ይወርዳል። ማንንም አላገኘም። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ በእጁ ጻፈ፤ ሌላ አማራጭ ስለሌለ፣ በድንገተኛ ሁኔታ፣ በእሱ ኃላፊነት እንድሠራ መፍቀዱን። ፈርሞ ማኅተም መታበት። ቸኩሎ ሁለት ጊዜ ስለመታው ማኅተሙ ተደራርቦ ወጣ። እኔን ሳያየኝ «ረዳትሽ እኔ ነኝ» አለ።

የቤተሰቡ ፈቃድ ቀረ። ባሏ መሬት ላይ ተቀምጦ ራሱን ይዞ ነበር፤ ያናገሩኝ ቄሱ ናቸው። ሕፃኑ ማለፉን፣ እሷንም ለማትረፍ ሆዷን መክፈት እንዳለብን፣ ምናልባትም ማህፀኗን ማውጣት ሊያስፈልግ እንደሚችል ነገርኳቸው። ይህን ብዬ መግባት እችል ነበር። ግን ሌላውንም ነገርኳቸው፤ ይህን ሥራ አራት ዓመት ተምሬዋለሁ፣ ብዙ ጊዜም ሠርቼዋለሁ፣ የመጨረሻውን ፈተና ግን አላለፍኩም አልኳቸው። ለምን እንደተናገርኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። እንዳይፈቅዱልኝ ፈልጌ ይሆናል።

ቄሱ መስቀላቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«አላስመሰከርሽም ማለት ነው» አሉ።

«አዎ አባ።»

«ያስመሰከረ አለ እዚህ?»

«ዛሬ የለም።»

«እንግዲያማ ግቢ፣ ልጄ» አሉና ወረቀቱን ተቀብለው በቤተ ክህነት እጅ ጽሑፍ ስማቸውን ጻፉ። ልጃቸውን አስነሥተው ጣቱን ቀለም አስነክተው አስፈረሙት።

ሆዷን ስከፍት ደሙ ጠረጴዛውን አልፎ ጫማዬ ላይ ፈሰሰ። ሕፃኑ ወንድ ነበር፤ ሲስተሯ ተቀብላ በጨርቅ ጠቀለለችው። ማህፀኗ ከጠባሳው ጀምሮ እስከ ታች ተቀዷል። ልሰፋው ሞከርኩ፤ የነካሁት ሥጋ ሁሉ እንደ ራሰ ወረቀት ይቆረጣል። ማደንዘዣ ባለሙያው ግፊቷን ጮክ ብሎ ይነግረኛል፤ እየወረደ ነው። ማውጣት ነበረብኝ። ዳይሬክተሩ ተለማማጅ ሳለ ይቆምበት በነበረው በግራዬ ቆሞ፣ ሳልጠይቀው የምፈልገውን ያቀብለኛል። ለማውጣት የሽንት ፊኛዋን ከማህፀኗ ማላቀቅ አለብኝ፤ የፊተኛው ኦፕራሲዮን ሁለቱን አጣብቋቸዋል። በመቀስ ቀስ እያልኩ ለያየሁ። መካከል ላይ ደም ያልሆነ ፈሳሽ ጥርት ብሎ ሲወጣ አየሁ። ሽንት ነው። ፊኛዋ ተቀዷል።

ስንጥቁ እስከዚያ ወርዶ አስቀድሞ ቀድዶት ነበር? ወይስ መቀሴ ነው? በዚያች ቅጽበት አላወቅሁም፣ ዛሬም አላውቅም። ዳይሬክተሩ አየ። የመስፊያ ክር አቀበለኝ። ፊኛውን በሁለት ድርብ ሰፋሁት፣ ማህፀኑን አወጣሁ፣ ደሙ ቆመ። ሁለቱም ከረጢት ደም አለቀ። ቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን በሕይወት ወጣች።

ማምሻውን ስትነቃ ሲስተሯ ፊቷን በሞቀ ውኃ ጠርጋ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለቻት። ሕፃን አጠገቧ የሌለ ሴት ይህን ስትባል ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሴትዮዋ ግራና ቀኟን ዳበሰች፤ ገባት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ቄሱ የልጅ ልጃቸውን አስከሬን በነጠላቸው ጠቅልለው፣ ለማንም አላሸክምም ብለው፣ ብቻቸውን ይዘው ሄደው ነበር።

ለሁለት ሳምንት ያህል ነገሩ ሁሉ የሠመረ መሰለ። መንገዱ እንደተዘጋ ነው። ሴትዮዋ መብላት ጀመረች፤ ቁስሏ ደረቀ። እኔ ሳልናገር ውስጤ መኩራት ጀምሮ ነበር። የሽንት ቱቦውን አወጣንላት። በማግስቱ ጠዋት ስገባ አልጋዋ ባዶ ነው። ፍራሿን ራሷ ጎትታ ከሌሎቹ ርቃ፣ በሩ ሥር ዘርግታ ተቀምጣለች። ከሥሯ ርሷል። በጎረቤት አልጋ የተኛች ሴት አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፍናለች።

«ሳላውቀው ነው የሚወርድ» አለችኝ፣ እንደ ጥፋተኛ። ይቅርታ የምትጠይቅ እሷ ነበረች።

ቱቦውን መልሼ አስገባሁ። መፍሰሱ አልቆመም። በፊኛዋና በብልቷ መካከል ቀዳዳ ተፈጥሯል፤ ፊስቱላ የሚባለው ነው። ረጅም ምጥ ብቻውን ያመጣዋል። ያልተስተካከለ እጅም ያመጣዋል። እሷ ያለችበትን ክፍል ላለማየት በጓሮ በኩል እዞር ነበር፤ ከዚያ አፍሬ ተመልሼ እገባለሁ፤ ገብቼ ደግሞ ቱቦውን ብቻ አይቼ እወጣለሁ። አንድ ቀን የረጠበ አንሶላዋን ለማጠብ ስወስድ አየችኝና «ኧረ ነውር ነው ዶክተር» ብላ አንሶላውን ያዘችው። ሁለታችንም ጫፍና ጫፉን ይዘን ትንሽ ተጓተትን። ለቀቅሁላት።

መንገዱ ሲከፈት የመጀመሪያው መኪና ባለሙያውን ይዞ መጣ። ፈቃዱ ታድሷል። አምቡላንሱ ሴትዮዋንና ባሏን ይዞ ፊስቱላ ወደሚታከምበት ሆስፒታል ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ከበላይ ሦስት አጣሪዎች መጡ። ጨዋዎች ነበሩ፤ ሳይጮኹ ጠየቁኝ። የማኅተሙን ወረቀት አዩ፣ የኦፕራሲዮን መዝገቡን አዩ። ከመካከላቸው በሙያው የቆዩት ሐኪም ቀና ብለው ፊኛውን ማን እንደቀደደው ጠየቁኝ። አላውቅም አልኩ። ሌላ መልስ የምፈልግ መስሏቸው ጠበቁኝ። ስፔሻሊስት ብሆን ኖሮ ይህንኑ መልስ ይቀበሉኝ ነበር ብዬ አሰብኩ። ደግሞ ምናልባት ስፔሻሊስት ብሆን መልሱን አውቀው ነበር ብዬም አሰብኩ።

ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ፈተናውን እስካልፍ ኦፕራሲዮን ክፍል በረዳትነትም እንዳልገባ ታገድኩ። ዳይሬክተሩ ከኃላፊነቱ ተነሥቶ ወደ ሌላ ወረዳ ጤና ጣቢያ ተዛወረ። የፈረመው እሱ ነዋ።

ዕቃውን ሲጭን ልሰናበተው ሄድኩ። ፍራሽ፣ ምድጃና አንድ ሣጥን መጽሐፍ ነው ያለው። ገመዱን እያጠበቀ ሳለ፣ «ሳትነካ ብትሞት ኖሮ ማንም አይጠይቀኝም ነበር» አለ። «መንገድ በመዘጋቱ ብለን እንጽፍ ነበር፤ ያልቅ ነበር።»

ቆጨህ ወይ አልኩት። አይ አለ። ገመዱን ቋጥሮ ሲጨርስ ግን፣ የእንቅርቱን ገበሬ ሚስት ከእንግዲህ ቀና ብዬ አያታለሁ ብዬ ነበር፣ ባለፈው እሑድ ሞክሬ አልቻልኩም አለኝ። እጄን ጨብጦኝ መኪናው ላይ ወጣ። ይቅርታ ልጠይቀው ነበር የሄድኩት፤ ሳልጠይቀው ሄደ።

ያን ሰሞን ሙያውን ልተወው ወሰንኩ። ለአባቴ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የተቀደደውን ፊኛ፣ አንሶላውን፣ የዳይሬክተሩን መሄድ። ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ። ስጨርስ፣ «እኔም ተመልሻለሁ» አሉ። አልገባኝም።

«ቤተልሔም የሄድኩት ሁለት ጊዜ ነው። የመጀመሪያውን መልሰውኛል። በአንዲት የዜማ ምልክት ነው የሳትኩት። ዓመት ሙሉ ለሰው አልተናገርኩም፤ እናትሽም አታውቅ። እነዚያ ሰዎች ዝም ብለው ቢያሳልፉኝ ኖሮ ያችን ስሕተት እስከ ዛሬ ለተማሪ ሁሉ ሳወርስ እኖር ነበር።» ትንፋሻቸው በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል። «እኔ የሳትኩት ዜማ ነው። አንቺ ብትስቺ ሰው ነው። ስለዚህ ተመለሺ። ለወረቀቱ ብለሽ አይደለም።»

እንደገና ማንበብ ጀመርኩ። አሁን ግን በሌላ ዓይን ነበር የማነብ። አንድ ቀን፣ በፊተኛ ኦፕራሲዮን የተጣበቀ ፊኛ እንዴት እንደሚላቀቅ የሚያስረዳው ምዕራፍ ላይ ደረስኩ። ፊኛውን አስቀድሞ በቀለም ውኃ ሞልቶ ድንበሩን መለየት ይላል። ተምሬው ነበር። ያን ዕለት አላደረግሁትም፤ ትዝም አላለኝም። ደም እየፈሰሰ ስለነበር ነው ልል እችላለሁ። ባደርገው ኖሮ ፊኛው ይተርፍ ነበር ወይስ ቀድሞ ተቀዷል፣ ማንም ሊነግረኝ አይችልም። መጽሐፉን ዘግቼ ወደ ውጭ ወጣሁ፤ ውርጩ ላይ ቆሜ እጄ እስኪደነዝዝ ቆየሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ፈተናው በደለኝ ብዬ ነበር የማምን።

ዓመቱ ሲሞላ ተፈትኜ አለፍኩ። ማስረጃው መጣ፣ ቲተሬ ተቀየረ፣ እዚያው ሆስፒታል እንድቀጥል ጠየቅሁ። ጓደኞቼ እንኳን ደስ አለሽ ብለው ደወሉ። አዲሱ ዳይሬክተር ዋናውን ወረቀት አገላብጦ አይቶ፣ ኮፒውን ማህደሬ ውስጥ ከተተ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኦፕራሲዮን ክፍል ስገባ የከለከለኝ የለም፤ ከመቁረጤ በፊት ግን ሁልጊዜ ጥቂት እቆማለሁ። ነርሶቹ የምጸልይ ይመስላቸዋል።

ሴትዮዋ የመጣችው በገበያ ቀን ነው። መጀመሪያ የተሰፋላት አልያዘም፤ ሁለተኛው ያዘ። አሁን ደርቃለች፤ ሽንቷ አይፈስም። በእግሯ ነው የመጣችው፣ ቀሚሷ ንጹሕ፣ ጸጉሯ ተሠርቷል። ያን ያህል ያማረች ሴት መሆኗን አላውቅም ነበር። ምርመራ ላይ አስተኝቼ አየኋት፤ ሁሉም ደኅና ነው። ተነሥታ መቀነቷን እየታጠቀች ጠየቀችኝ።

«እንግዲህ ልወልድ እችላለሁ ዶክተር?»

እጄን እየታጠብኩ ነበር። ውኃውን ዘጋሁት። ማንም አልነገራትም። እኛ ሕይወቷን ስናተርፍ፣ ከዚያ ስለ ፊኛዋ ስንጨነቅ፣ አጣሪዎቹ ስለ ወረቀት ሲጠይቁን፣ ሌላው ሆስፒታል ቀዳዳውን ሲሰፋ፣ ማህፀኗ መውጣቱን ለራሷ የነገራት ሰው አልነበረም። መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። አጠገቧ ተቀምጬ ነገርኳት። የወር አበባዋ ስለቀረ ከሕመሙ ነው ብላ ታስብ ነበር።

አላለቀሰችም። የመቀነቷን ጫፍ በጣቷ ጠቅልላ ፈታች፣ ደግማ ጠቀለለች።

«ባሌ ያውቃል?»

«ያውቃል። ያን ዕለት ነግረነዋል፤ አባቱም ያውቃሉ።»

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ባሏ ከግቢው በር አጠገብ ፈረሱን ይዞ፣ ሴት ልጃቸውን ኮርቻው ላይ አስቀምጦ ይጠብቃታል።

«ይኸን ሁሉ ጊዜ እያወቀ» አለች ቀስ ብላ፤ ለእኔ አልነበረም። ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች፣ ከወገቧ ጎንበስ ብላ ተሰናበተችኝና ወጣች። ባሏ ልጅቷን ከኮርቻው አውርዶ እሷን ሊያወጣት ሲል በእጇ ከለከለችው። ልጅቷ ተመልሳ ተቀመጠች፤ ሁለቱ በእግራቸው ፈረሱን በመካከል አድርገው ወደ ጓሳ በሚወስደው መንገድ ሄዱ።